አስቶሪያ ላይ ዝናብ ሲይዘን

ጡረታ ከወጣን ሁለት ዓመት ሊሞላን ነው። ባለቤቴ ሲያትል ውስጥ ለ23 ዓመት ታክሲ ነዳ። እኔ ደግሞ አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ የማታ ሺፍት እሠራ ነበር። እሱ ሲገባ እኔ እወጣለሁ። ቡና እንኳን አብረን የምንጠጣው እሑድ እሑድ ብቻ ነበር። ልጆቹ ራሳቸውን ቻሉ፣ እኛም ሥራ አቆምን፣ ከዚያ ያገለገለች አርቪ ገዛን። ቤትም ናት፣ መኪናም ናት። አልጋ፣ የጋዝ ምድጃ፣ ፍሪጅና ሽንት ቤት አላት። ርዝመቷ 25 ጫማ ነው፤ ስምንት ሜትር እንኳን አትሞላም።

የእኛ ሰዎች ሲያገኙን መጀመሪያ የሚጠይቁን ስለ ነዳጅ ነው። ቀጥሎ ደግሞ ስለ ዝናብ። «ዶፍ ቢመጣ በዚያች ጠባብ ቦታ ሁለት ሰው ቀኑን ሙሉ ምን ይሠራል?» ይላሉ። ጥሩ ጥያቄ ነው። እኛም መልሱን ያገኘነው በመከራ ስለሆነ፣ ዝናብ የያዘንን ያን ቀን እንዳለ ልጽፈው ፈለግሁ።

ቦታው ኦሪገን ነው። የኮሎምቢያ ወንዝ ፓስፊክ ውቅያኖስ ውስጥ የሚገባበት አፍ ላይ አስቶሪያ የምትባል ከተማ አለች። እኛ ያረፍነው ከእሷ ወጣ ብሎ ባለው ፎርት ስቲቨንስ ስቴት ፓርክ ነበር። መብራት፣ ውኃና የፍሳሽ መስመር ያለው ቦታ ያከራያሉ። ከሌላ ስቴት ለሚመጣ አርቪ 25 በመቶ ጭማሪ እንደሚያስከፍሉ ቀድማችሁ እወቁት፤ እኛ ስንከፍል ነው ያወቅነው።

ጊዜው ጥቅምት መጨረሻ ነበር። በፈረንጆቹ ኖቬምበር መጀመሪያ መሆኑ ነው። አገር ቤት ክረምቱ ወጥቶ ሰማዩ የሚጠራበት ጊዜ ነው። እዚያ ግን ክረምቱ የሚገባው ያኔ ነው። አስቶሪያ በዓመት ከ1,600 ሚሊሜትር በላይ ይዘንብባታል። አዲስ አበባ 1,200 ገደማ ነው። እዚያ ላይ ብርዱ አለ። «በጥቅምት አንድ አጥንት» የሚለው ተረት ለዚያ አገርም የተነገረ ይመስላል።

ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ግንባሬ ላይ አንድ ጠብታ አረፈ። ሕልም መሰለኝ። ሁለተኛው ሲደገም ባለቤቴን ቀሰቀስኩት።

«ያፈሳል» አልኩት።

«ምኑ?»

«ቤቱ!»

ባትሪ አብርተን ስናይ ውኃው ከአልጋው በላይ ባለው የጣሪያ መስኮት ጥግ እየተሽሎከለከለ ይወርዳል። በመስኮቱ ዙሪያ ያለው ማስቲሽ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ስንገዛት ጣሪያውን አላየነውም ነበር። ያገለገለች አርቪ ልትገዙ ከሆነ ከሞተሩ በፊት ጣሪያዋን አስመርምሩ። ከገዛችሁ በኋላም በዓመት ሁለት ጊዜ ማስቲሹን ተመልከቱ።

የሽሮውን ድስት ከጠብታው ሥር አስቀመጥኩ። ውስጡ ደግሞ ፎጣ አነጠፍኩበት። ይህን ያዙልኝ፤ ፎጣ ከሌለበት ያ ጠብ ጠብ የሚል ድምፅ አያስተኛም። ባለቤቴ ጫማውን ማጥለቅ ጀመረ። ጣሪያ ላይ ወጥቶ ሊያየው ነው። በር ላይ ቆሜ «አትወጣም!» አልኩት። እነዚያን ሁሉ ዓመታት የሠራሁት ዳሌያቸው ተሰብሮ ከአልጋ ካልወረዱ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ጋር ነው። የረጠበ የአርቪ ጣሪያ እንደ ሳሙና ነው። ፍራሽ ይደርቃል። ደግሞም ለጣሪያ የሚሆነው ቴፕ እርጥብ ነገር ላይ አይይዝም። ጣሪያው እስኪደርቅ መጠበቅ ግድ ነው። ተቆጥቶ ተመልሶ ተኛ።

ሲነጋ መስኮቶቹ ሁሉ አልቧቸዋል። መጋረጃው ረጥቧል፣ የፍራሹ ጠርዝም እርጥብ ነው። ይህ ሌላ ጣጣ ነው፤ ከማፍሰሱ ጋር አይገናኝም። ማታ ብርዱን ፈርተን ሁሉንም ጠርቅመን ዘግተን፣ ሽሮ ሠርተን፣ የረጠበ ጃኬት ውስጥ ሰቅለን ነበር የተኛነው። የሁለት ሰው ትንፋሽ፣ የድስቱ እንፋሎትና የጋዙ ነበልባል ራሱ እርጥበት ይፈጥራሉ። በዝናብም ቢሆን አንዱን መስኮት በጣት ያህል ክፍት መተው፣ ሲበስል ደግሞ ማራገቢያውን ማብራት ያስፈልጋል። ቆይተን እርጥበት የሚመጥ ትንሽ የኤሌክትሪክ ማሽን ገዛን። በአንድ ሌሊት የሚያጠራቅመውን ውኃ ብታዩ ትደነግጣላችሁ።

እዚህ ላይ ለእኛ ሰው አንድ ነገር ጠበቅ አድርጌ ልናገር። ብርድና ዝናብ ሲሆን የሰው ልብ ቡና ያምረዋል። ከሰል አቀጣጥሎ፣ ዕጣን ጨምሮ፣ ቆልቶ መጠጣት። እባካችሁ፣ እባካችሁ፣ አርቪ ውስጥ ከሰል አታስገቡ። የከሰል ጢስ ባይታይም ጋዙ አለ። ካርቦን ሞኖክሳይድ ይባላል። ሽታ የለውም። እንዲህ ባለች ጠባብ ቦታ የተኛን ሰው ሳይነቃ ይገድላል። ፍሙ አመድ የለበሰ ቢመስልም ያው ነው። የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያዋም መሥራቷን በየጉዞው መጀመሪያ ተጭናችሁ አረጋግጡ። እኔ ቡናውን ቤት ቆልቼ፣ ፈጭቼ፣ በጠርሙስ ይዤ እወጣለሁ። ጀበናዋን በጋዙ ምድጃ ላይ በትንሽ እሳት አስቀምጣታለሁ። ቆሎ አለ። ዕጣኑ ይቅር። ደጅ ፀሐይ ሲወጣ ይደርሳል።

ቡናውን ጠጣን። ከዚያ ዝም አልን። እሱ ስልኩን ያያል፣ እኔ የረጠበ መጋረጃ እጨምቃለሁ። በተላለፍን ቁጥር አንዳችን መቀመጥ አለብን። «ትንሽ ጠጋ በል»፣ «አንቺ ደግሞ ጠጋ በይ»። ረፋዱ ላይ በማይረባ ነገር ተኮራረፍን። ነገሩ የፎጣ ጉዳይ ነበር። አልጋው ላይ ተቀምጬ ሳስበው ግን ምክንያቱ ፎጣው እንዳልሆነ ገባኝ። 35 ዓመት ተጋብተን ኖረናል። ሥራ የሌለበት፣ ልጅ የሌለበት፣ መውጫ የሌለው አንድ ሙሉ ቀን በአንድ ክፍል ውስጥ ግን አሳልፈን አናውቅም። አብሮ መዋል ራሱ የሚለመድ ነገር ነው። ጡረታ የወጣችሁ ሰዎች ይህን ታውቁታላችሁ።

በሩ ተንኳኳ። ጎረቤታችን ነው፤ ዕድሜው ከሰባ የዘለለ ፈረንጅ። ረጅም የጎማ ካፖርት ለብሶ ውሻውን ያንሸራሽራል። በእጁ ወደ ጥላችን ጠቆመን። ከአርቪዋ ጎን የሚዘረጋው ሸራ ውኃ አቁሮ እንደ እርጉዝ ሆድ ተንጠልጥሏል። ትንሽ ቆይቶ ሸራውን የሚይዘውን የብረት ክንድ ይሰብረው ነበር። አንዱን ጥግ ዝቅ አድርጎ አሳየን፤ ውኃው በአንድ ጊዜ ዠው ብሎ ወረደ። ነፋስ ካለ ጭራሽ ጠቅልሉት አለን። ጃንጥላዬንም አይቶ ራሱን ነቀነቀ። እዚያ ዝናቡ ወደ ጎን ነው የሚመጣው፤ ጃንጥላ ይገለበጣል። የሚጠቅመው ኮፍያ ያለው የዝናብ ጃኬትና ሱሪ ነው።

ዛሬ የት ይኬዳል ስንለው «ፎርት ክላትሶፕ» አለ። «ሰው ሁሉ በፀሐይ ይሄዳል። እናንተ በዝናብ እዩት።»

መኪና አልጎተትንም፤ ስለዚህ ለመውጣት ቤታችንን ይዘን መሄድ አለብን። ይህ ሥራ አለው። በዝናብ ደግሞ ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። መጀመሪያ መብራት የሚመጣበት ምሰሶ ላይ ብሬከሩን ማጥፋት፣ ከዚያ በኋላ ብቻ ሶኬቱን መንቀል። በረጠበ እጅ፣ ብሬከሩ እንደበራ የሚነቅሉ ሰዎች አይቻለሁ፤ ልብ ይቆማል። ከዚያ የፍሳሽ ቱቦ፣ የውኃ ቱቦ። ቱቦዎቹን ቦታው ላይ ትተን፣ ቦታው የተያዘ መሆኑ እንዲታወቅ ሁለት ወንበር አቆምን። ካቢኔቶቹን ቆለፍን። የሽሮውን ድስት ማጠቢያው ውስጥ አስገባን፤ በድስቱ ምትክ አልጋው ላይ የቆሻሻ ከረጢት ዘረጋን።

ባለቤቴ ጎማዎቹን ዞሮ አየ። ሾፌር ነውና ይህን አይዘነጋም። የአርቪ ጎማ ብዙ ስለሚቆም ጥርሱ ሳያልቅ ያረጃል። ጎኑ ላይ አራት አኃዝ ያለው ጽሑፍ አለ፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ዓመቱን ያሳያሉ። ያረጀ ጎማ በእርጥብ አስፋልት ላይ አያስተማምንም።

ፎርት ክላትሶፕ የድሮ ምሽግ የነበረበት ቦታ ነው፤ ከካምፑ 20 ደቂቃ ገደማ ይርቃል። የብሔራዊ ፓርክ አገልግሎት የሚያስተዳድረው የሉዊስና ክላርክ ብሔራዊ ታሪካዊ ፓርክ አካል ነው። መግቢያው ላይ ሲኒየር ፓሳችንን አሳየን። ይህን ካርድ የማያውቁ የእኛ አዛውንቶች ብዙ ናቸው፣ ያሳዝነኛል። 62 ዓመት የሞላው ዜጋ ወይም ግሪን ካርድ ያለው ሰው ለዕድሜ ልክ 80 ዶላር፣ ለአንድ ዓመት ደግሞ 20 ዶላር ከፍሎ ያወጣዋል። መግቢያ በሰው ቁጥር በሚከፈልበት ቦታ ባለ ካርዱንና ሦስት አዋቂዎችን ያስገባል። ስለዚህ ለባልና ሚስት አንድ ይበቃል። በብዙ የፌዴራል ካምፖችም ኪራዩን በግማሽ ይቀንሳል። ስቴት ፓርክ ላይ ግን አይሠራም።

ሌላ ሰው አልነበረም። እኛና ዝናቡ ብቻ። ዛፎቹ ረጃጅም ናቸው፤ ግንዳቸው ሁሉ ሽበት ለብሷል። መንገዱ ጠጠር ስለሆነ አይጨቀይም። ባለቤቴ ጉልበቱን ያመዋልና ክንዱን ያዝኩት፤ ቀስ እያልን ሄድን። ከዛፎቹ መሀል ትንሽ የእንጨት አጥር ብቅ አለች። ምሽጉ እሱ ነው። በየአቅጣጫው 50 ጫማ፣ 15 ሜትር ብቻ። በግራና በቀኝ ሁለት ረድፍ የግንድ ክፍሎች፣ መሀል ላይ ጠባብ ግቢ።

አሳሾቹ ሉዊስና ክላርክ አሜሪካን አቋርጠው ፓስፊክ የደረሱት በፈረንጆቹ 1805 መጨረሻ ላይ ነው። ክረምቱን እዚህ አሳለፉት። 33 ሰዎች፣ 106 ቀናት። ከእነዚያ ውስጥ ዝናብ ያልዘነበባቸው 12 ቀናት ብቻ ነበሩ። የመጀመሪያው ምሽግ በስብሶ ጠፍቷል። አሁን የሚታየው ክላርክ በእጁ የሣለውን ንድፍ ተከትሎ የተሠራ ነው። በ1955 የተሠራው በ2005 ተቃጠለ፤ የአሁኑ በ2006 ቆመ።

አንዱ ክፍል ገባን። ጨለማ ነው። የእርጥብ እንጨት ሽታ አፍንጫ ይሞላል። ከሻካራ ጣውላ የተሠሩ ድርብ አልጋዎች አሉ። የፓርኩ ሠራተኛ ተከትላን ገባችና ታሪኩን ነገረችን። ልብሳቸው በላያቸው ላይ ይበሰብስ ነበር። ሥጋው ቶሎ ይበላሻል። ቁንጫው ደግሞ አላስተኛቸውም። ለመመለሻ 338 ጥንድ የቆዳ ጫማ ሰፍተው የወጡት ከዚህ ነው።

ከዚያ ስለ ሳካጋዊያ ተናገረች። ሾሾኒ ከሚባለው የአሜሪካ ነባር ሕዝብ የተወለደች፣ አብራቸው የተጓዘች ወጣት ሴት ናት። ሕፃን ልጇን ዣን ባፕቲስትን ይዛ ነበር። ልጁ አንድ ዓመት የሞላው እዚሁ ምሽግ ውስጥ ነው። እኔ ይህን ስሰማ ቆምኩ። አራት ልጅ አሳድጌያለሁ። የልጅ ጨርቅ ክረምት ላይ ማድረቅ ምን እንደሆነ አውቃለሁ፤ ጉለሌ በምድጃው ዙሪያ ሰቅለን እናደርቅ ነበር። እሷ 106 ቀን በምን አደረቀችው? ያን ግድግዳ በእጄ ነካሁት። ይረጥባል። ጠዋት ስለ አንድ መጋረጃ የተነጫነጭኩት ትዝ አለኝ።

ዮርክም ነበር። ክላርክ በባርነት የያዘው ጥቁር ሰው ነው። ኖቬምበር 24 ቀን 1805 ክረምቱን የት እንሁን ብለው ሲመካከሩ የእሱንም የሳካጋዊያንም ሐሳብ ጠይቀው ጻፉት። በዚያ ዘመን ይህ ትልቅ ነገር ነው። ግን ከጉዞው ሲመለሱ ዮርክ ነፃነቱን ቢጠይቅ ክላርክ ለዓመታት ከለከለው። ወንዙን አብሮ ቀዝፎ፣ ብርዱን አብሮ ችሎ። ባለቤቴ «ሥራውን ሲያዩ ሰው ነው፣ ሲመለሱ ንብረት» አለ። ለብዙ ደቂቃ አልተናገረም።

ያናገረው ጨው ነው። ሠራተኛዋ እንደነገረችን ጨው ስላለቀባቸው ጥቂት ሰዎች ወደ ባሕሩ ዳር፣ ዛሬ ሲሳይድ የምትባለው ከተማ ያለችበት ድረስ ወርደው የባሕር ውኃ ቀንና ሌሊት በድስት እያፈሉ ጨው አወጡ። ባለቤቴ የደብረ ማርቆስ ልጅ ነው። አያቱ ስለ አሞሌ ያወሩት ነበር። ከአፋር የጨው ሜዳ እንደ ጡብ ተጠርቦ በግመል እንደሚመጣ፣ እንደ ገንዘብ ይገበያዩበት እንደነበር ነገራት። ሴትየዋ ማስታወሻ ደብተሯን አወጣች። እንዴት እንደሚጠረብ፣ እንዴት እንዳይሟሟ እንደሚጠቀለል ጠየቀችው። ባለቤቴ በዚያ ጨለማ ክፍል ቆሞ፣ ዝናቡ ጣሪያውን እየደበደበ፣ በእጁ የአሞሌውን መጠን እየለካ አስረዳት። እንዲህ ሲያወራ ካየሁት ስንት ዘመኔ! ታክሲ ላይ የሰውን ወሬ ሲሰማ ነው የኖረው።

ጎረቤታችን እውነቱን ነው። ያን ቦታ በፀሐይ ብናየው የሚያምር መናፈሻ ይሆንብን ነበር። የዝናብ ቀን ስትመርጡ ዝናብ የማያበላሸውን ብቻ አትፈልጉ። ዝናብ የሚያሳየውን ቦታ ፈልጉ።

ከዚያ አስቶሪያ ገባን። ኮረብታው ላይ ያለውን የአስቶሪያ ዓምድ ተውነው። 164 ደረጃ አለው፤ ጉልበቱም አይችል፣ ጉሙም አያሳይ። ወንዙ ዳር ያለው ኮሎምቢያ ሪቨር ማሪታይም ሙዚየም ግን ሞቃትና ደረቅ ነው። መቀመጫም አለው። ወንዙ ከውቅያኖሱ ጋር የሚጋጭበት ቦታ አሸዋው ስለሚቀያየር ከ1792 ወዲህ በዚያ አካባቢ ወደ 2,000 የሚጠጉ መርከቦች ሰጥመዋል። 44 ጫማ የሚረዝም የነፍስ አድን ጀልባ ማዕበል ላይ እንደወጣ ቀጥ ብሎ ቆሞ ታያላችሁ። ባለቤቴን የያዘው የመርከብ መሪዎቹ ታሪክ ነው። ትልቅ መርከብ ሲመጣ አካባቢውን የሚያውቅ ሰው በጀልባ ወይም በሄሊኮፕተር ሄዶ መርከቡ ላይ ይወጣና አሻግሮ ይመራዋል። «የሰው መኪና ተቀብሎ በማዕበል ላይ መንዳት!» እያለ ሁለቴ ዞሮ አየው።

ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ጉዞ ጀመርን። ኖቬምበር ላይ 11 ሰዓት አካባቢ ፀሐይ ትጠልቃለች። በዝናብ፣ በጨለማ፣ በማታውቁት ካምፕ ውስጥ አርቪ ወደ ኋላ መንዳት ለጥል ይዳርጋል። እኔ ከኋላ ቆሜ ባትሪ ይዤ መራሁት። የእጅ ምልክታችን ቀላል ነው፤ ካላየኸኝ ቁም። የብረቱ መውጫ ደረጃ ሲረጥብ ስለሚያንሸራትት የጎማ ምንጣፍ አለን። ከበሩ ሥር ደግሞ የጫማ ሳህን። ጭቃው ከዚያ አያልፍም።

ማታ ዝናቡ ባሰበት። አንዷን መስኮት ገርበብ አድርገን፣ ድስቱን ከነፎጣው መልሰን፣ ሽሮ በላን። የአርቪ ጣሪያ ስስ ስለሆነ ድምፁ ከቆርቆሮ አይተናነስም። ሁለታችንም ዝም ብለን ሰማነው። የጠዋቱ ዓይነት ዝምታ ግን አልነበረም።

«እናቴ» አለ ባለቤቴ፣ «ነሐሴ ላይ እንዲህ ሲዘንብ እሸት በቆሎ ትጠብስልን ነበር። የመጀመሪያውን የምታቀብለው ለኔ ነበር። በሽተኛ ስለነበርኩ።»

በ35 ዓመት ውስጥ ይህን ነግሮኝ አያውቅም። ምን ያምህ ነበር አልኩት። ነገረኝ። ከዚያ ሌላ ነገረኝ። እኔም ነገርኩት። እኩለ ሌሊት አለፈ።

በማግስቱ ረፋዱ ላይ አባራ። ነፋሱ ጣሪያውን እስኪያደርቀው ጠበቅን። ጎረቤታችን መሰላል አመጣ፣ እሱ ወጣ፣ ባለቤቴ ቴፑን እየቆረጠ አቀበለው፣ እኔ መሰላሉን ያዝኩ። በግማሽ ሰዓት አለቀ። ከዚያ ዋረንተን ወዳለው ገበያ ሄደን ስድስት በቆሎ ገዛን። ሁለቱን ለጎረቤታችን ወሰድንለት።